ያጠበቀውን ብሎን መልሶ የፈታው መካኒክ

ውጊያው እንደገና ማገርሸቱን የሰማነው ሐጅ እንድሪስ ዳሌያቸው ተሰብሮ በተኙ በሰባተኛው ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ ወልድያ ውስጥ በእሳቸው ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና መዘገብ ነው። በሙያው አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቼ ስለነበር ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ መጻፍ ልማዴ ሆኗል። የማስታወሻ ደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል ዓይኔ ያየውን፣ በቀኝ በኩል ሰው የነገረኝን እጽፋለሁ። በዚህ ልማዴ እኮራ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ በግራ በኩል ስለጻፍኩት አንድ መስመር ነው። መስመሩ እውነት ነበር። ሆኖም አንድ ንጹሕ ሰው ሊያስበላ፣ ሐጅ እንድሪስንም አልጋ ላይ ሊያስቀር ምንም አልቀረው።

ከተማዋ በመጀመሪያው ጊዜ ስትያዝ ሐጅ አልወጡም። ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፉ ብዙ አያወሩም፤ የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ ዓይናቸው እየደከመ መሄዱን ብቻ ከልጃቸው ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከቆቦ በኩል በእግሩ የሚመጣው ሰው መብዛት ሲጀምር አንድም ቀን አላመነቱም። ልጃቸው ዘሀራ ከመርሳ አለፍ ብላ ካለችው ከግራና መጥታ ታስታምማቸው ስለነበር ወደ እሷ ቤት ሊሄዱ ቆረጡ።

ችግሩ መጓጓዣው ነበር። ዳሌያቸው የተያያዘው በብረት ነው። ሐኪሙ በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸው ታስሮ፣ ወደ ጎን ሳይንከባለሉ መሄድ እንደሚችሉ ተናግሯል። ብረቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ግን በዚያ ሰሞን እንደገና የሚያስተካክለው ሰው እንደማይገኝ፣ ከዚያ በኋላም ቆመው መሄዳቸው እንደሚያጠራጥር አልደበቀንም። አምቡላንሶቹ ቁስለኛ ያመላልሳሉ። ሚኒባሶቹ ሰው በሰው ላይ ጭነው ይወጣሉ። የቀረን ግቢው ውስጥ የቆመው ፒካፕ ብቻ ነበር።

ፒካፑ የልጃቸው የሰይድ ነው። መኪናው ከራሱ ከሰይድ በዕድሜ ይበልጣል። ሰይድ ለሥራ ጅቡቲ ከመሄዱ በፊት ቀይ ቀለም አስቀብቶ፣ የፊት ሞላዎቹን አስቆርጦ፣ የኋላውንም አስቀንሶ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርጎት ለሰርግ አጃቢነት ይወጣበት ነበር። ሐጅ ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ዝቅ ብሎ ያዩት ቀን «ይሄ መኪና ሱጁድ ላይ ነው እንዴ? መቼ ነው የሚነሣ?» ብለው ሰፈሩን እንዳሳቁ ዘሀራ ነግራኛለች።

ዝቅ ማለቱ መጀመሪያ በጀን። ሐጅን ከነፍራሻቸው ብዙ ሳናነሣ የጭነት ቦታው ላይ አሳረፍናቸው። መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ገና አደባባዩ ላይ ስዞር መኪናው ወደ አንድ ጎን ተጋደለ፤ ፍራሹ ተንሸራተተና ሐጅ ከጎን ብረቱ ጋር ተላተሙ። ዘሀራ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ደበደበችው። በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ቤት ተመለስን።

ሐጅ ላባቸው ሲደርቅ «ስታቢላይዘር የለውም» አሉ። ከፊት ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው የሚሻገር፣ መኪናው ሲዞር እንዳይጋደል የሚይዝ የታጠፈ ብረት ነው። ሰይድ መኪናውን ዝቅ ሲያደርገው ብረቱ ከሌላ ነገር ጋር እየተጋጨ ስላስቸገረው ፈትቶ ጥሎታል። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁለት ጫፉ መሬት ተቀብሮ የበግ ማሰሪያ ሆኗል።

«እሱ ሳይገባ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አሉ ሐጅ። «ከዚህ መርሳ ድረስ ስንት መጠምዘዣ እንዳለ የማውቅ እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት በጉን ፈትተን ብረቱን ነቀልንና በፒካፑ ጭኜ መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ። ጋራዦቹ ተዘግተዋል። ከተማውን ዞሬ ክፍት ያገኘሁት አንድ ብቻ ነበር፤ ባለሙያው አበራ ይባላል። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ሲጠይቁት ቆም ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ወልድያ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሙያውን መቀሌ እንደተማረ፣ እዚያም ብዙ ዓመት እንደሠራ ሰፈሩ ያውቃል፤ አነጋገሩም ይህንኑ ይናገራል። ከዚህ ያለፈ ስለ እሱ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

በከተማዋ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ታዟል። ከነገ ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ለሰላማዊ ሰው መኪና ይዘጋል የሚል ወሬም ነበር፤ እሱን በቀኝ በኩል ጻፍኩት። አበራ መኪናውን በክሪክ ሲያነሣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠየቅሁት።

«ብረቱ ይንገረን፣ አለቃ» አለ።

ብረቱን አስገብቶ አሰረና መኪናውን አወረደው። ጎንበስ ብለን ስናይ ብረቱ የመሪው ዘንግ ላይ ተደግፏል። ሰይድ የፈታው ለዚህ ኖሯል። አበራ መኪናውን እንደገና አነሣ፤ ብረቱን ፈታው። ከዘንጉ የሚያርቅለት ቁራጭ ቧንቧ ፈልጎ በመጋዝ ይቆርጥ ጀመር። መብራት ስለሌለ ሁሉም በእጅ ነው። ብረቱን የሚያቅፈውን ጎሚኒ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በቢላ ቀርጾ አወጣው። በመሐል ስልኩ ይጮኻል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ከጋራዡ ግንብ ጀርባ ይሄዳል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ተመልሶ ያለ አንድ ቃል ሥራውን ይቀጥላል። እስከ ሰባት ሰዓት አራት ጊዜ ተደወለለት። ቆጥሬያለሁ። ከቆቦ አቅጣጫ ደግሞ የከባድ መሣሪያ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማ ነበር፤ እሱንም ቆጥሬያለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ብሎን ጠብቆ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። አበራ ከሥር ወጣ። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። ተገላገልን ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። እሱ ግን ጥቂት ቆሞ አሰበና ተመልሶ ገባ። አሁን ያጠበቃቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈታቸው ጀመር። አራቱንም። ምን እያደረግህ ነው ልለው ስል ስልኩ ጮኸ፤ ወጥቶ ከግንቡ ጀርባ ሄደ።

ደብተሬን ገልጬ በግራ በኩል «7፡10። ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ፈታ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ውሃ ልገዛ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ የሰፈሩ ጥበቃዎች ገመድ ወጥረው መታወቂያ ያያሉ። አስተባባሪያቸው መምህር ይማም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። በሥራዬ ምክንያት እንተዋወቃለን። ስለ ግንባሩ ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ጥቂት ነገር ነገርኳቸው። መንገዴን መቀጠል ስችል ቆምኩ።

«መምህር፣ ይሄን መካኒክ ታውቁታላችሁ?» አልኩ።

«የትኛውን?»

«አበራ የሚሉትን።»

መምህር ይማም ገመዱን ለሌላ ሰው ሰጥተው ቀረቡኝ። «ለምን ጠየቅህ?»

እዚህ ላይ «እንዲያው ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን በትክክለኛነቴ የምኮራ ሰው ነኝ። ያየሁትን ብቻ፣ አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ እጁ ላይ እንዳለ፤ በተደወለለት ቁጥር ከግንብ ጀርባ ሄዶ እንደሚያወራ፤ ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ሲፈታ እንዳየሁት። ይጠረጠራል አላልኩም። እሱን ለሰሚው ተውኩት።

ውሃውን ይዤ ስመለስ አበራ ዱላ በያዙ ሁለት ጥበቃዎች መሐል ሆኖ ከፊት ለፊቴ መጣ። እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ነው። አየኝና አለፈ። ጋራዡ ውስጥ ፒካፑ ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ፣ ብረቱም በላሉ ብሎኖች እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ነው።

ሌላ መካኒክ ልፈልግ አሰብኩ፤ እንደሌለ አውቃለሁ። ራሴ ላጠብቀው አሰብኩ፤ መፍቻውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በዚህ መሐል ዘሀራ መጥታ አባቷ እንደሚጠሩኝ ነገረችኝ። ፊቷን አይቼ ወሬው ቀድሞኝ እቤት እንደገባ ተረዳሁ።

ሐጅ ለጉዞ ተዘጋጅተው፣ እግራቸው ታስሮ ፍራሻቸው ላይ ተኝተዋል። ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«መካኒኩ ምን አጥፍቶ ነው?»

የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ብሎኖቹ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መኪናው ክሪክ ላይ ነበር?»

«አዎ፣ ሐጅ።»

«ጎማው በአየር ላይ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ያ ሰው ሥራ ዐዋቂ ነው» አሉ። «ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቀህ ከተውከው፣ መሬት ሲረግጥ ጎሚኒው ይጣመማል። ሸክም ሲመጣበት ደግሞ ብረቱ መሪውን ይነካል። መጀመሪያ ለክቶ ያስረዋል፤ ከዚያ ያላላዋል፤ የሚያጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ጭነቱ ሲጫንበት ነው። የማያውቅ ቢሆንማ እንዳጠበቀው በሸኘህ ነበር። መሪው የሚይዝብህ መጠምዘዣ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከኋላህ ነኝ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«አንተ ነህ ያስያዝከው?»

«እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።»

«ዘንድሮ ጥያቄ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሰው ይዞ ነው የሚመለስ» አሉ። «ሂድና አምጣው። ለእኔ ብለህ አይደለም። እኔ እዚህም ብቀር አሏህ አለ። ለሰውየው ብለህ ሂድ።» በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ። «አብሽር፣ ገና ቀን ነው።»

አበራን የወሰዱት ወደ ቀበሌው አዳራሽ በረንዳ ነው። አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ መምህር ይማም ፊት ጠረጴዛው ላይ አለ። ከበረንዳው በታች ሰው ተሰብስቧል። የተሰበሰበው ሰው የሚያወራው እኔ የተናገርኩትን አልነበረም። አንዱ የመኪና ፍሬን ሲበጥስ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ይላል። ሌላው የጋዜጠኛ መኪና ነው፣ ሊገለው ነበር ይላል። የእኔ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እዚህ ደርሰዋል።

በሥራ ዘመኔ ማስተባበያ ጽፌ አውቃለሁ። ቆሜ፣ የተበደለው ሰው እያየኝ፣ በአፌ ተናግሬ ግን አላውቅም። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብሎኑን ሲፈታ ያየሁት እኔ ነኝ አልኩ። ያየሁት ልክ ነው፤ የተረዳሁት ስሕተት ነው። ሙያውን አላውቅም። ስልኩን ከማን ጋር እንዳወራ አላውቅም። ሁለቱንም እሱን መጠየቅ ስችል ሌላ ሰው ጠየቅሁ። ከዚያ ሐጅ የነገሩኝን አስረዳሁ።

መምህር ይማም ወዲያው አላመኑኝም። «ቅድም የተናገርከው እውነት ነበር፤ አሁንም እውነት እየተናገርክ ነው» አሉ። «እኔ የትኛውን ልያዝ?»

«የእኔን ሁለቱንም ይተውት። መጥተው ሲያጠብቀው ይዩት።»

ወደ አበራ ዞሩ። «የሚደውልልህ ማን ነው?»

«እናቴ ናት። መርሳ ነው ያለችው፤ እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት። በየሰዓቱ እየደወለች ውጣ ትለኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

«የሐጅን መኪና ክሪክ ላይ ትቼ?»

ስልኩ በዚያው ቅጽበት ጮኸ። መምህር ይማም አነሡት። የሴትዮዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። «አንተ ድንጋይ ራስ፣ ዛሬም እዚያው ነህ? በዚህ እርጅናዬ አስፋልት ዳር ቆሜ ልጠብቅህ?»

«እማማ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም» አሉ መምህር ይማም።

«ታዲያ በልጄ ስልክ ምን ትሠራለህ? ለሱ ስጠው።»

መምህር ይማም ስልኩን ለአበራ አቀበሉት። ከበረንዳው በታች የቆመው ሰው ሳቀ፤ ሲስቅም መበተን ጀመረ።

ወደ ጋራዡ ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መምህር ይማምና አምስት ጥበቃዎች አብረውን መጡ። ፒካፑ ዝቅ ያለ ስለሆነ በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ አበራ አራቱንም ጎማ ወፍራም የግንድ ቁራጭ ላይ አወጣው። ቀጥሎ ሐጅ፣ ዘሀራና ዕቃቸው የሚመዝኑትን ያህል ሰው የጭነት ቦታው ላይ እንዲወጣለት ጠየቀ። ጥበቃዎቹ ተያዩ። መጀመሪያ የወጡት መምህር ይማም ነበሩ። እኔ በነጂው ቦታ ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ትንሽ ወደ ፊት» አለ አበራ ከሥር። «ያ ወፍራሙ ወንድሜ ወደ ቀኝ።»

«ማን ነው ወፍራም?» አለ አንዱ ዱላውን እንደያዘ።

«አንተ ነሃ። ከዚህ ሆኜም ታስታውቃለህ።»

«እንግዲህ የጎደለችን ሙሽራዋ ናት» አለ ሌላው።

አበራ አራቱንም ብሎኖች በቀስታ አጠበቀ። ወጥቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እንዳዞር አዘዘኝ። መምህር ይማም ወርደው ጉልበታቸው ላይ ተንበረከኩና በብረቱና በመሪው ዘንግ መሐል ሁለት ጣታቸውን አስገብተው ለኩ። ጣታቸው ገባ። በሌላኛው በኩልም ዞረው ለኩ። ሲነሡ ሱሪያቸውን እንኳ አላራገፉም።

«ይቅር በለን፣ ልጄ» አሉት።

እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። አበራ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። «ብትጠይቀኝ አሳይህ ነበር፣ አለቃ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አላነሣብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከወልድያ ወጣን። ሐጅ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ዘሀራ ትከሻቸውን ይዛለች። አበራ ጋራዡን ቆልፎ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ የብረቱን ድምፅ ያዳምጣል። መንገዱ ሰው ነው፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ከብት የሚነዳ፣ ባጃጅ ላይ አምስት ሆኖ የተቀመጠ። እኔ መጠምዘዣዎቹን እቆጥር ነበር።

ስሪንቃ ሳንደርስ አንድ መጠምዘዣ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ከብቶቹን ሲሸሽ ወደ እኛ መሥመር ገባ። መሪውን ወደ ቀኝ ጎትቼ የመንገዱን ጠርዝ ከነካሁ በኋላ ወዲያው ወደ ግራ መለስኩት። ከባዱ መኪና አለፈ። ፒካፑ አልተጋደለም፤ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ዞረ። የዘሀራን ጡጫ ጣሪያው ላይ ጠበቅሁ። አልመጣም። ዳር ይዤ ቆምኩና ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሐጅ ከፍራሻቸው መሐል አንድ ጣት እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«ምን ያቆምሃል? ንዳ እንጂ» አሉኝ። «የዚህ ልጅ እናት ደግመው ሳይደውሉ አድርሰው።»

እናቱ እንዳሉትም መርሳ መግቢያ አስፋልት ዳር ቆመው ነበር። አበራን አቅፈውት ቆዩና በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉት፤ እሱ ደግሞ ከእጃቸው እንደወጣ ከመኪናው ፊት ተንበርክኮ ብሎኖቹን ዳሰሰ። «ግራና ትደርሳለህ» አለኝ። ደረስን። ሐጅን ዘሀራ ቤት ስናስገባቸው ገና ብርሃን ነበር። በማግሥቱ ያያቸው የጤና ባለሙያ ዳሌያቸው ከቦታው እንዳልተነቃነቀ ነገረን። ያን ጊዜ ነው ካለፈው ቀን ጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ትዝ ያለኝ።

ወልድያ በዚያ ጊዜ አልተያዘችም። ሐጅ እንድሪስ ሰላሙ ከወረደ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በከዘራ ይሄዳሉ፤ አርብ አርብ መስጊድ ደርሰው በራሳቸው እግር ይመለሳሉ። አበራ መርሳ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ይሄ ሁሉ ሲታሰበኝ ዛሬም ደረቴ ቀለል ይለዋል።

በደብተሬ ግን ከግራውና ከቀኙ በታች አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ «ባለቤቱን ጠይቄዋለሁ?» ይላል። አንባቢዎቼ፣ እኔ ያን ቀን አልዋሸሁም። ስም አላጠፋሁም፤ አልጨመርኩም፤ አላጋነንኩም። የተናገርኩት ሁሉ ደብተሬ ላይ በግራ በኩል የተጻፈ ነው። ከውሸት እንደራቅሁ ከጥፋትም የራቅሁ መስሎኝ ነበር። ያጠፋሁት አጠገቤ ያለውን ሰው ልጠይቀው የሚገባኝን ነገር፣ ገመድ ይዞ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው መናገሬ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም። በየመታጠፊያው ይጠየቅ ነበር። እኔን ቤት አስጠርተው «ሂድና አምጣው» ያሉኝ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሄጄም ሰውየውን አገኘሁት። ከዚያ በኋላ በሥራዬ ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ። ሄደው ያላገኙ ሰዎችን አውቃለሁ።